በአንድ ዓይን የተሳለው ወንድሜ

ባለፈው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የልጅ ልጄ ቤቲ ቴሌቪዥኑን ከፍታ «አያቴ፣ ነይ ይሄን ፊልም አብረን እንይ» አለችኝ። ቡራዩ ያለው ቤታችን ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ጎረቤታችን ብረት ሲቆርጥ መስኮቱ ይንዘረዘራል። ፊልሙ የውጭ አገር ነው። አንድ ሽማግሌ የጥበብ ሰው አለ፤ ሥራዬን ብሎ ልጆቹን ትቶ የኖረ። ልጆቹ አድገው፣ ቂማቸውን ይዘው ወደ ቤቱ ይመጣሉ። ቋንቋውን አልሰማውም፤ ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍም ዓይኔ አይደርስበትም። ግን አንድ ቦታ ላይ ሴት ልጁ ፊት ለፊቱ ቆማ ስታናግረው፣ ሽማግሌው በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ፊቷን አያያትም። እንባዬ መጣ።

«ምን ሆንሽ አያቴ? ገና ሃያ ደቂቃው እኮ ነው! የሚያስለቅሰው መጨረሻው ላይ ነው።»

«የኔ መጀመሪያው ላይ ነው» አልኳት። ሳቀችብኝና ሶፍት አቀበለችኝ። ፊልሙን ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አየሁት ይባል እንጂ አላየሁትም። ሰበታ ነበርኩ፤ ከሰበታም ሱሉልታ።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ነበሩ፤ የወንዶቹ ሱሪ ከታች ሰፍቶ መንገድ መጥረግ የጀመረበት ጊዜ ነው፤ ቦላሌ ይሉታል። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ኮንጎ ጫማ እንጫማለን። ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይለሰልሳል፣ ሲዘንብ ያንሸራትታል፣ ግን ቀለሙ! እኔ ቀዩን ነበር የገዛሁት፣ ከፋብሪካው የመጀመሪያ ደመወዜ ላይ። ሰበታ ያን ጊዜ በጅማ መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋች፣ አንድ ጫፏ ላይ የቆመና ሌላው ጫፏ ላይ ያለ ሰው የሚጣሩባት ከተማ ነበረች። ዳቦ በአምስት ሳንቲም ይበላል፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ በሽልንግ፣ በሃምሳ ሳንቲም፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ይገባል። ሻይ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ራዲዮ ከሰዓት በኋላ ዘፈን ሲያሰማ፣ የፋብሪካው ሴቶች ከሥራ ስንወጣ እርምጃችን ሳናውቀው ከዘፈኑ ጋር ይሄዳል። ፀጉራችን ላይ የጥጥ ብናኝ ተጣብቆ ሁላችንም የሸበትን እንመስላለን። አሁን በእውነት ሸብቼ በዚያ መንገድ ሳልፍ፣ ፋብሪካውና መጋዘኑ ተጋጥሞ ሰማዩ ጠቦ አየዋለሁ፤ ሚኒባሶቹ «ሰበታ፣ ሰበታ» እያሉ ይጮኻሉ፣ እኔ ግን የምሰማው ያን ራዲዮ ነው።

ክር ማጠንጠኛው ላይ ነበር የምሠራው። ክሩ የሚጠነጠንበትን የካርቶን ቱቦ እየላጥኩ ውስጡ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ፊደል የቆጠርኩት አባቴ ሥዕል ላይ በቀይ ቀለም ከሚጽፈው ስም ነው፤ ቤት መምታትን የተማርኩት ከአልቃሾች፤ የቀረውን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሁሉንም ነገር የማየውና የሚገባኝ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዓይኔ ስል ነበር፤ ይሄን ዛሬም አልክድም። ስል ነገር ግን እጅ ይቆርጣል።

አባቴ አለቃ ዘለቀ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበር። ከደብር ደብር እየተጠራ፣ አንዱን ቤተ መቅደስ ስሎ ሲጨርስ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው። ትንሽ ሳለን ቤታችን እዚሁ ቡራዩ ነበር። አሁን ቤት በቤት የሆነው ቦታ ያኔ ባሕር ዛፍና ጨፌ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከገፈርሳ በኩል የሚመጣው ጉም በራችን ድረስ ይገባል። ታላቅ ወንድሜ ታምራት ዘጠኝ ዓመቱ፣ እኔ አምስት። አባዬ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ሊለስን ኖራ በርሜል ውስጥ ያበርዳል። ያልበረደ ኖራ ላይ ውሃ ሲፈስ ይፈላል፤ ይተፋል። ታምራት በርሜሉ አጠገብ ቆሞ እንደነበር አባዬ አላየም። ውሃውን ደፋው።

ጩኸቱን ዛሬም አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ የወንድሜ ግራ ዓይን ነጭ ሆነ፤ እንደ ተቀቀለ እንቁላል፣ ዝም ያለ ነጭ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባታችን የታምራትን ፊት አላየም። ይሄን እኔ ነኝ ያስተዋልኩት። ሲያናግረው እጁን ያያል፣ ጫማውን ያያል፣ ከትከሻው በላይ ያለውን ዛፍ ያያል። ብዙም ሳይቆይ እናታችንን ከኛ ጋር ሰበታ፣ ዘመዶቿ ዘንድ አስቀመጠና ሥራ ሥራ እያለ ራቀ። በመጀመሪያ በየወሩ ይመጣል፤ ቀጥሎ በየበዓሉ፤ ቀጥሎ በሰው እጅ ማርና አቡጀዲ ይልካል። እናቴ ስትሞት በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ድንኳኑ ውስጥ አልገባም፤ ውጭ ድንጋይ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ታምራት አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ «አባቴ» ብሎ አያውቅም። «ሰውዬው» ይላል። «ሰውዬው በሕይወት አለ?» ይለኛል፣ እኔ በድብቅ ሄጄ እንደምጠይቀው እያወቀ።

አዎ፣ እሄድ ነበር። በሽልንግ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ከእንጦጦ በስተጀርባ ድርቆሽ ጭኖ የመጣ መኪና ባዶውን ሲመለስ ጋቢናው ላይ። ሱሉልታ! ሜዳው ላይ ቆሞ ማየት ብቻ ያጠግባል። ድርቆሹ እዚህም እዚያም ተከምሮ፣ የወተት ማሰሮ የጫኑ አህዮች በጉም ውስጥ እግራቸው ሳይታይ ሲሄዱ፣ ሰው በሕልሙ የሚራመድ ይመስለዋል። አባዬ እዚያ አዲስ ለተሠራ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥላል፤ የሚያድረው ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ገበሬ ግቢ ነው። ኦቦ ገመቹ ረጅም፣ ሳቂታ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ የሚጨርሱ ሰው ናቸው። «አካም ጂርታ፣ ደህና ነሽ ሙሉ? አባትሽ ዛሬም በሬዬን ቀይ ቀለም ቀባብኝ፤ ጅራቱን ብሩሹ መስሎት!» ይሉኛል።

ሥዕሉን ስለማታውቁ ልንገራችሁ። ግድግዳው ላይ አይደለም የሚሳለው፤ አቡጀዲ ላይ ነው። አቡጀዲው በሙጫ ይለሰናል፣ ይሳልበታል፣ ሲያልቅ ከስንዴ ዱቄት በተፈላ ማጣበቂያ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከተለጠፈ በኋላ ሰው ቢፈልግም አይነሳም፤ ቢነሳ ተቀዶ ነው። ደግሞ አንድ ሕግ አለ፣ ከጥንት የመጣ፤ ጻድቅ ፊቱ ወደኛ ዞሮ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ኃጥእ፣ ጭፍራ፣ ከሃዲ፣ ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ በዓይን ቆጠራ ይለያል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አንድ ጊዜ ስሄድ አባዬ ሆሳዕናን ጨርሶ ነበር። ጌታ በአህያ ላይ፣ ሕፃናቱ ዘንባባ ይዘው። ከሕፃናቱ መካከል አንዷ እኔ ነኝ፤ በአምስት ዓመቴ፣ በቁንጮዬ። ሳቅኩ። ከጎኔ ደግሞ ጆሮው የሰፋ ልጅ አለ። ጆሮውን አወቅኩት። ታምራት ነው። ግን በጎን ነው የተሳለው። ያ ሁሉ ሕፃን ሁለት ሁለት ዓይን ኖሮት፣ በጌታ ፊት «ሆሳዕና» እያለ፣ የኔ ወንድም ብቻ በአንድ ዓይን።

አባዬን አልጠየቅኩትም። ይሄ ነው ጥፋቴ። ገብቶኛል ብዬ ነው። በመኪናው ጋቢና ውስጥ እስከ እንጦጦ ድረስ ስንኝ ስፈትል መጣሁ፤ ስንኙ ሲገጥምልኝ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ወንድሜ ሰበታ ገበያ ዳር በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። በአንድ ዓይኑ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ሲያስገባ ሁለት ዓይን ያለው ሰው ያፍራል። ቴትሮን ሸሚዝና ቦላሌ ለመስፋት ከአለምገና ድረስ ይመጡለታል።

«ባለቅኔዋ መጣች!» አለ ሲያየኝ፣ ፔዳሉን ሳያቆም። «ግጥምሽ ቁልፍ ይተክላል? ይኸው ሸሚዝ።»

«ስማኝማ በመጀመሪያ» አልኩና የካርቶን ወረቀቴን አወጣሁ። አነበብኩለት፤

*ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን ግን በአንዱ፤*
*ወንድሜን አቆሙት ከሲኦል መንገዱ።*

አንብቤ ቀና አልኩ። እመኑኝ፣ «ጎሽ» እንዲለኝ ነበር የጠበቅሁት። የስፌት መኪናው ቆመ። ፔዳሉ ላይ ያለው እግሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ሳለኝ እንዴ?»

«ሆሳዕና ላይ።»

«በጎን?»

ካርቶኑን ከጀርባዬ ደበቅሁት። ያን ጊዜ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ።

«መቼ ነው የሚለጠፈው?»

«ቅዳሜ ጠዋት። ታምሩ፣ ምናልባት—»

«ምናልባት ምን? ሕጉን ከሱ በላይ የሚያውቅ አለ?» ትልቁን የጨርቅ መቀስ ከጠረጴዛው አነሳና በጋዜጣ ጠቀለለው። «ዓይኔን ወስዷል። ዕድሜ ልኩን ፊቴ አስጠልቶት ኖሯል፤ ይሁን። ሰው ሁሉ እየገባ እንዲያየኝ ከሰይጣን ጋር ግን አያቆመኝም። ሄጄ ፊቴን ቆርጬ አመጣለሁ። የኔ አይደለም እንዴ?»

«ከቆረጥክማ አለቀ» አልኩት። «ከዚያ በኋላ አባት የለንም።»

«መቼ ነበረን?»

ቅዳሜ ማለዳ አብረን ሄድን። ብቻውን እንዳልለቀው ነው የሄድኩት፤ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም። አውቶቡሱ ውስጥ መቀሱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ አዲስ አበባ ሰይቼንቶ ታክሲ ስንሳፈር ጭኑ ላይ፣ እንጦጦን ስንሻገር ጭኑ ላይ። ከጉሙ ስንወጣ ሱሉልታ ከታች ተዘርግታ ታየች፤ ድርቆሹ በጤዛ አብረቅርቆ ሜዳው ሁሉ ወርቅ የፈሰሰበት ይመስላል። እንዲህ ያለ ጠዋት ለምን እንደተፈጠረ አልገባኝም ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሣሩ ላይ ሰሌን ተነጥፎ አቡጀዲው ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተዘርግቷል። ኦቦ ገመቹ ትልቅ ብረት ድስት ውስጥ ማጣበቂያውን በእንጨት ያማስላሉ፤ አራት ዲያቆናት እጀታቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ። አባዬ ጎንበስ ብሎ የአህያዋን ጆሮ በትንሿ ብሩሽ ይነካካል።

«አካም ቡልታን! እንዴት አደራችሁ! ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ ኦቦ ገመቹ። ከዚያ የታምራትን ዓይን አዩና ወደ ድስታቸው ጎንበስ አሉ።

ታምራት ማንንም ሰላም አላለም። ጋዜጣውን ፈትቶ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተንበረከከ። አንዱ ዲያቆን ሊይዘው ሲነሳ አባዬ እጁን አነሳ።

«ተወው» አለ። ወንድሜን ሳይሆን መቀሱን እያየ። «የራሱ ነው።»

ታምራት የሥዕሉን ልጅ አየ። መቀሱን ከፈተ። እጁ አቡጀዲው ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ፊቱ ያለው ግን መካከል ላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ የእናቶችን፣ የሕፃናትን፣ የኔን አካል ቆርጦ ማለፍ ነበረበት። እጁ ቆመ።

«ለምን?» አለ። ድምፁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። «ምን በደልኩ? ይንገሩኝና ልሂድ።»

አባዬ ብሩሹን ከጣት ወደ ጣት አዛወረ። ኦቦ ገመቹ ማማሰላቸውን ተዉና «ቄሶቹ ሁለቴ መጥተው አስተካክል ብለውታል» አሉ። «ሆሳዕና ላይ ኃጥእ የለም፣ ልጁን አዙረው አሉት። እምቢ አለ። ሥራው ይቅርብኝ እንኳ ብሏል። እኔም ጠይቄው ነበር፤ አይነግረኝም።»

«ቀኝ ጎንህ ነው» አለ አባዬ በመጨረሻ። «አየኸው? ቀኙ ነው። ደህናው።»

ታምራት ዓይኑን ወደ ሥዕሉ መለሰ፤ አባዬ ቀጠለ።

«አዙሬ ልስልህ ተነሳሁ። ሁለት ደህና ዓይን ልስልህ አልኩ። ውሸት ነው፤ ታቦት ባለበት እንዴት ውሸት እሥላለሁ? እንደሆነው ልሳለው አልኩ። ያን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ባየሁት ቁጥር በርሜሉን ነው የማየው። እጄ እንዴት ይሳለው? ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሦስት ጊዜ በነጭ ሸፈንኩት። ግን ያላንተ ደግሞ ሆሳዕናው ጎደለብኝ። ደህናውን ጎንህን ሣልኩ እንጂ ከኃጥኣን ወገን አላደረግሁህም።» ብሩሹ ከእጁ ወደቀ፤ አላነሳውም። «ሕጉን አውቃለሁ። ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ይበል ብዬ ነው። አንተ ታየዋለህ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

እኔ ከአጥሩ ተጠግቼ ቆሜያለሁ። ገብቶኛል ብዬ ስንኝ የገጠምኩበትን ካርቶን ኪሴ ውስጥ አጨማደድኩት።

ወንድሜ ተነስቶ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አንከባልሎ አመጣና ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጠበት። ቆቡን አወለቀ።

«ይሳሉኝ» አለ። «እንደሆንኩት። ከነነጩ።»

«አልችልም ልጄ።»

«ሳያዩ ነው እንዴ ሁልጊዜ የሚሥሉት? ያለሁት እዚህ ነኝ። ቀና ይበሉና ይዩኝ።»

«ማጣበቂያው ይረጋል!» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ይርጋ!» አለ ታምራት። «አሥራ አራት ዓመት ረግቷል እኮ።»

አባዬ ቀና አለ። እንዴት እንደሆነ መናገር ይከብደኛል። በመጀመሪያ አገጩን አየ። ከዚያ ሪዙን፤ ልጁ ሪዝ ማብቀሉን የማያውቅ ይመስል ትንሽ ተገረመ። ከዚያ አፍንጫውን። ከዚያ ደህናውን ዓይን። እዚያ ላይ ብዙ ቆየ፤ ሰው ወንዝ ሊሻገር ዳር ላይ እንደሚቆም። ከዚያ ተሻገረ። ነጩን ዓይን አየው። ዓይኑን ከሱ ላይ አላነሳም። ታምራትም አንገቱን አላዞረም። ጉሙ ከሜዳው ቀስ እያለ ተነሳ፤ ዲያቆናቱ ቀስ እያሉ ተቀመጡ፤ የሆነ ቦታ ላም ጮኸች። ስንት ሰዓት እንደወሰደ አላውቅም። የአሥራ አራት ዓመት ነበርና ቶሎ አላለቀም።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ብሩሹን ከሣሩ ላይ አነሳ። የልጁን ፊት በነጭ ሸፈነ፣ በጥቁር ከበበ፤ ቀና እያለ እያየ፣ ጎንበስ እያለ እየሣለ። ሲጨርስ ፀሐይዋ ከራሳችን በላይ ነበረች። ኦቦ ገመቹ ሰሌኑን ዞረው መጡና አፋቸውን ያዙ።

«ዋቃ! አለቃ፣ ሪዝ ያለው ሕፃን ሣልክ እኮ! ሆሳዕና ላይ ሪዝ!»

እውነት ነው። በሕፃናቱ መካከል፣ ከቁንጮዬ አጠገብ፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ባለ ሪዝ፣ አንድ ዓይኑ ጥቁር አንዱ ነጭ፣ ፊቱን ወደኛ ያዞረ ሰው ዘንባባ ይዞ ቆሟል። ዲያቆናቱ መጀመሪያ ሳቃቸውን ዋጡ፤ አልቻሉም። ታምራት ጎንበስ ብሎ አየው።

«አፍንጫዬ ግን እንዲህ አይረዝምም» አለ።

«ይረዝማል» አለ አባዬ። «የእናትህ ነው። አሁን ነው ያየሁት።»

ማጣበቂያው በእውነት ረግቶ ስለነበር ኦቦ ገመቹ እያጉረመረሙ አዲስ ማፍላት ጀመሩ። ለዚያ ጊዜ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ሁላችንም ቆምን። አባዬ ቀለም የነካ እጁን በካፖርቱ ሊጠርግ ሲል፣ ታምራት ካፖርቱን ልብ አለ፤ ክርኑ የተቀደደ፣ አንገቱ የነተበ፣ ለሌላ ሰው የተሰፋ የሚመስል አሮጌ ካኪ።

«ይሄን ማን ሰፋልዎት?»

«ገዝቼው ነው። ሰልባጅ ነው።»

ወንድሜ መቀሱን ጋዜጣው ላይ አስቀመጠና ከኪሱ ሜትሩን አወጣ። «አሁን ደግሞ እርስዎ ይቁሙ» አለ። አባዬ ያልገባው መስሎ ቆመ። «እጅዎን ይዘርጉ።» ዘረጋ። ታምራት ከትከሻ እስከ ትከሻ ለካ፣ ከብብት እስከ አንጓ ለካ፣ ወገቡን ሲለካ ሊያቅፈው ምንም አልቀረውም፤ አላቀፈውም። ፊልም ላይ እንደሚሆነው አልነበረም። ቁጥሩን በእርሳስ መዳፉ ላይ ጻፈ።

«ከስተዋል» አለ።

«አዎ።»

«ትንሽ አስፍቼ እሰፋዋለሁ። ይወፍራሉ። አንገትዎን ቀና ያድርጉ እንጂ፣ አንገት ልለካ ነው።»

አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ።